ከመስመሩ ወዲያ የቀሩ ታላላቅ እህቶች

ኢትዮጵያ የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ መስጠት ስትጀምር የመረጠችው 14 ዓመት የሞላቸውን ልጃገረዶች ብቻ ነበር። ለምርጫው ምክንያት የሆነው የአቅርቦት ችግር ነው። ክትባቱ በዓለም ገበያ ላይ እጥረት ስለነበረበት ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን በአንድ ጊዜ ማዳረስ አልተቻለም። ታናናሾቹ 14 ሲሞላቸው ተራቸው ደረሰ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ አገሪቱ ወደ አንድ ዙር ክትባት ተሸጋግራ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆናቸውን ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች ለመድረስ ዘመቻ አካሄደች። ክትባቱ ሲጀመር 15 ዓመት ሞልቷት የነበረች ታላቅ እህት ግን በሁለቱም ጊዜ የሚጠራት አላገኘችም። ያቺ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፣ ሥራ ይዛለች፣ አግብታለች፣ ወይም ከአገር ወጥታለች።

እሷም ሆነች ከእሷ በፊት የተወለዱት ሁሉ አንድ ጥያቄ የመጠየቅ መብት አላቸው። አዋቂ ሰው ይህን ክትባት ቢወስድ ይጠቅመዋል? አዎ፣ ሊጠቅመው ይችላል። የጥቅሙ መጠን ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልዩነቱን የሚፈጥረውም ዕድሜ ብቻውን አይደለም። ዋናው ጉዳይ ቫይረሱ ቀድሞ መድረሱ ወይም አለመድረሱ ነው። ይህን ሳይረዱ «ዕድሜሽ አልፏል» ብሎ መሸኘትም፣ «ተከተቢና ከካንሰር ትድኛለሽ» ብሎ ማጽናናትም እኩል ጉዳት አለው።

ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ፣ ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት። አብዛኞቹ እምብዛም ጉዳት አያደርሱም። ካንሰር የማምጣት ኃይል ያላቸው 14 ገደማ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ቁጥር 16 እና ቁጥር 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ በዓለም ላይ ለሚታየው የማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህል ተጠያቂ ናቸው። ሁለቱን ዓይነቶች እ.ኤ.አ በ1983 እና በ1984 ከካንሰሩ ናሙና ለይተው ያወጡት ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃራልድ ሱር ሃውዘን ሲሆኑ፣ ለዚህ ሥራቸው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በቅርብ የቆዳ ንክኪ ይተላለፋል። በጣም የተስፋፋ ከመሆኑ የተነሳ ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ከአሥሩ የዘጠኙ ሰውነት በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ራሱ ተከላክሎ ያጠፋዋል፤ ሰውየውም መያዙን ሳያውቅ ያልፋል። ሳይጠፋ የከረመው ነው አደጋው። እሱም ቢሆን ካንሰር ለመሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስድበታል። በ22 ዓመቷ የተያዘች ሴት በ40 ዓመቷ የምትታመመው ለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልጆቿ ገና እጇን በሚሹበት ወቅት ነው።

ክትባቱ የተሠራው የቫይረሱን የላይኛውን ቅርፊት በማስመሰል ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ የሚራባ ሕይወት ያለው ነገር የለውም። ሰውነት ያንን ቅርፊት አይቶ ይለማመዳል፤ እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣም ሴል ውስጥ ሳይገባ ይይዘዋል። ቀድሞ የገባውን ግን ክትባቱ አያስወጣም፤ የጀመረ ቁስለትንም አያድንም። ለልጆች ቅድሚያ የሚሰጠውም ቫይረሱ ሳይደርስባቸው ለመቅደም ነው።

ታዲያ ቀድሞ የደረሰበት ሰው ሁሉ ጨርሶ ከጥቅሙ ውጪ ነው ማለት ነው? አይደለም። ዛሬ በብዙ አገሮች በሥራ ላይ ያለው ጋርዳሲል 9 ዘጠኝ ዓይነቶችን ይከላከላል። ሰባቱ ካንሰር የሚያመጡ ናቸው፤ ቁጥር 6 እና 11 ደግሞ በብልት አካባቢ ለሚወጣው ኪንታሮት 90 በመቶ ያህል ምክንያት ናቸው። አንድ ሰው በአንዱ ዓይነት ተይዞ ቢሆን እንኳ በዘጠኙም ተይዟል ማለት አይደለም። ዘጠኝ በር ባለው ቤት በአንዱ ሌባ ገባ ተብሎ ስምንቱ ክፍት አይተውም።

ይህን በቁጥር ያሳየ ጥናት አለ። ፊውቸር 3 በተባለው ጥናት ከ24 እስከ 45 ዓመት የሆናቸው 3,819 ሴቶች፣ አራት ዓይነቶችን የሚከላከለውን የቀድሞውን ጋርዳሲል ወይም ባዶ መርፌ ወሰዱ። ሲጀምሩ በእነዚያ ዓይነቶች ካልተያዙትና ሦስቱንም ዙር ከጨረሱት መካከል ክትባቱ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽንን፣ የማህፀን በር ቁስለትንና በብልት አካባቢ የሚወጣውን ኪንታሮት በ88.7 በመቶ ቀነሰ። ቀድሞ የተያዘውም ያልተያዘውም፣ የጨረሰውም ያልጨረሰውም አብሮ ሲቆጠር ግን ውጤቱ ወደ 47.2 በመቶ ወረደ። በአዋቂዎች ክትባት ላይ የሚነሳው ክርክር በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ነው። የአርባ ዓመት ሴት ሰውነት ክትባቱን ተቀብሎ መከላከያ ያመርታል፤ ጥያቄው ያ መከላከያ የሚጠብቀው ነገር ቀርቶለታል ወይ የሚለው ነው።

በካንሰሩ ላይ የታየውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። 1.67 ሚሊዮን ገደማ ልጃገረዶችንና ሴቶችን በመዝገብ የተከታተለው እ.ኤ.አ በ2020 የታተመው የስዊድን ጥናት፣ ከ17 ዓመታቸው በፊት በተከተቡት ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ከ17 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ የተከተቡትም በ53 በመቶ ቀንሶላቸዋል። በእንግሊዝ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባቱ በቀረበላቸው ላይ 87 በመቶ፣ ከ16 እስከ 18 ዓመት በቀረበላቸው ላይ 34 በመቶ ቅናሽ ታይቷል። አንድ የዴንማርክ ጥናት ደግሞ ከ20 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ በተከተቡት ሴቶች ላይ በጥናቱ ዘመን የቀነሰ ነገር አላገኘም። ይህን የመጨረሻውን መደበቅ ተገቢ አይደለም። በሃያዎቹ ዕድሜ መከተብ ውርርድ ያለበት ውሳኔ ነው፤ ያም ሆኖ ከኋላው ማስረጃ አለው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋርዳሲል 9 እስከ 45 ዓመት ላሉ ሴቶችና ወንዶች እንዲሰጥ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2018 ፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ ጉዳዩን ለሁለት ከፈለው። እስከ 26 ዓመት ያሉት በልጅነታቸው ካልተከተቡ ሁሉም እንዲከተቡ መከረ። ከ27 እስከ 45 ያሉትን በተመለከተ ግን ሐኪምና ታካሚ ተነጋግረው ይወስኑ አለ። ምክንያቱ የተሰላ ነበር። በልጅነትና በወጣትነት በሚሰጠው ክትባት አንድ የካንሰር ሕመም ለማስቀረት 202 ሰዎችን መከተብ ሲበቃ፣ ፕሮግራሙ እስከ 45 ዓመት ቢሰፋ አንዱን ለማስቀረት 6,500 ተጨማሪ ሰዎችን መከተብ ይጠይቃል። ለአንድ መንግሥት በጀት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ኮሚቴውን በዚህ መውቀስ አይቻልም። ይሁን እንጂ የ6,500ው ስሌት የሕዝብ አማካይ ነው። አማካዩ ውስጥ ከ20 ዓመት ጀምሮ ከአንድ ሰው ጋር የኖረች ሴትም አለች፤ በ38 ዓመቷ ባሏን በሞት አጥታ ወይም ተፋትታ ዳግም ልታገባ ያሰበችም አለች። ክትባቱ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም።

«ተነጋግረው ይወስኑ» የሚለው መመሪያ አንድ ነገር አስቀድሞ ያስባል፤ ታካሚው ይናገራል ብሎ ያስባል። ሐኪሙ የግድ አያነሳውም፤ ጠያቂ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ስለዚህ ክትባት መጠየቅ ስለ ራስ ገመና መናገር ይመስላል። «እኔ ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም፣ ምን ያደርግልኛል?» የሚለው መልስ የብዙ እናቶቻችን መልስ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን ባል ከጋብቻ በፊት ያገኘው ቫይረስ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይና ወደ ታማኝ ሚስት ሊተላለፍ ይችላል። በኤችፒቪ መያዝ የማንንም ጠባይ አይመሰክርም። የማህፀን በር ካንሰርን ከሥነ ምግባር ጋር ያያያዘው ሹክሹክታ፣ ደም ሲፈሳቸው እንኳ ለልጃቸው ሳይናገሩ ወራት ያሳለፉ ሴቶችን አስከፍሏል። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም ግምት መሠረት እ.ኤ.አ በ2020 ብቻ በኢትዮጵያ 7,445 ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ 5,338 ሞተዋል። ሟቾቹ ከታማሚዎቹ ጋር ይህን ያህል መቀራረባቸው ሴቶቹ ሐኪም ፊት የሚደርሱት ምን ያህል ዘግይተው እንደሆነ ይናገራል። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም።

በውጭ አገር ለሚኖሩት ሌላ እንቅፋት ይጨመራል። ክሊኒክ ውስጥ የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ የገዛ ልጅ ወይም የእህት ልጅ ነው። እናት በልጇ አፍ ስለ ግንኙነት ታሪኳ እንድትናገር መጠበቅ ጭካኔ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም የጤና ተቋም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ይሁን በአካል። ቀጠሮ ሲይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ሴት ብትሆን እመርጣለሁ» ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ፊት ሲደርሱም ረጅም ታሪክ መተረክ አያስፈልግም፤ «የኤችፒቪ ክትባት አልወሰድኩም፣ ለእኔ ይጠቅማል ወይ?» የሚለው አንድ ጥያቄ በቂ መነሻ ነው።

ክፍያውም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ እስከ 26 ዓመት ያሉትን አብዛኛው ኢንሹራንስ ይሸፍናል። ከ27 በላይ ያሉት ግን ወደ ኢንሹራንሳቸው ደውለው ሳይጠይቁ መርፌውን መውሰድ የለባቸውም፤ የአንዱ ዙር ዋጋ ከ250 ዶላር በላይ ነውና። ኢንሹራንስ የሌላቸው አዋቂዎች፣ አምራቹ ኩባንያ መርክ ገቢን አይቶ ክትባት በነፃ የሚሰጥበት ፕሮግራም እንዳለው ሐኪማቸውን ወይም ፋርማሲስታቸውን ይጠይቁ። ለንጽጽር ያህል፣ ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ክትባት ለድሃ አገሮች አንዱን ዙር በ4.50 ዶላር ለማቅረብ የተስማማው እ.ኤ.አ በ2013 ነበር።

በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚጀምር ሰው መድኃኒቱ የተመዘገበበት መርሐ ግብር ሦስት ዙር ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከአንድ እስከ ሁለት ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። የዓለም የጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2022 ባወጣው ምክር ከ21 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች በስድስት ወር ልዩነት የሚሰጥ ሁለት ዙር ይበቃል ብሏል፤ እስከ 20 ዓመት ላሉት አንድ ዙርም ይበቃል። የአንድ ዙር አቅም ከተረጋገጠባቸው ቦታዎች አንዷ ጎረቤታችን ኬንያ ናት። በዚያ ከ15 እስከ 20 ዓመት በሆናቸው 2,275 ወጣት ሴቶች ላይ በተደረገው ጥናት አንድ መርፌ ብቻ ቁጥር 16 እና 18ን በ18 ወራት ውስጥ በ97.5 በመቶ ተከላክሏል። ጥናቱ የተደረገው ግንኙነት በጀመሩ ወጣቶች ላይ መሆኑ ለታላላቅ እህቶች ጥሩ ዜና ነው።

ጀምረው ያቋረጡም አሉ። ያቋረጠ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ ዓመታት ቢያልፉም። ኢትዮጵያ ውስጥ በትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ዙር ወስዳ፣ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ወይም ቤተሰቧ በጦርነት ሲፈናቀል ሁለተኛው የቀረባት ልጅ ካርዷን መያዝ አለባት። በአሜሪካ ያሉ አንዳንድ ሴቶችም መዝገባቸውን ቢያገላብጡ ያልጠበቁትን ሊያገኙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ ከ2008 አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ 2009 ድረስ ከ11 እስከ 26 ዓመት የሆኑ ሴት ስደተኞች ለመኖሪያ ፈቃድ ይህን ክትባት እንዲወስዱ ይጠየቁ ነበር። ግዴታው የመጀመሪያውን ዙር እንጂ ሦስቱንም መጨረስ አልነበረም። ያኔ 20 ዓመት የነበረች ሴት ዛሬም 45 አልሞላትም፤ የቀሯትን ዙሮች መጨረስ ትችላለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመንግሥት ፕሮግራም አዋቂዎችን አያካትትም። የሚፈልግ አዋቂ በግል ጤና ተቋማት ማፈላለግ ይኖርበታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክትባቱ ሁልጊዜ በፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሠራ ወይም ከሞቀ ይበላሻል። በሻንጣ ተይዞ የመጣና በማን እጅ እንዳለፈ የማይታወቅ ብልቃጥ በስጦታ ቢሰጥም መቀበል አይገባም። ተቋሙ ቀጣዩን ዙር በጊዜው ማቅረብ እንደሚችል፣ የማብቂያ ቀኑ መቼ እንደሆነና የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከመክፈል በፊት ይጠየቃል። ነፍሰ ጡር ሴት ከወሊድ በኋላ ብትጀምር ይመከራል፤ የምታጠባ መውሰድ ትችላለች። መርፌው የገባበት ክንድ ሊያም ይችላል፣ አንዳንዱም ሊያዞረው ስለሚችል 15 ደቂቃ ቁጭ ብሎ መቆየት ጥሩ ነው። ያመክናል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ካንሰሩ ራሱና ሕክምናው ናቸው ማህፀንን የሚያሳጡት።

ስለ ወንዶች ባጭሩ፦ እነሱም ይያዛሉ፣ ያስተላልፋሉ፣ በጉሮሮና በፊንጢጣ ካንሰርም ይታመማሉ። በአሜሪካ ዛሬ ከኤችፒቪ ጋር የተያያዘ የጉሮሮ ካንሰር ከማህፀን በር ካንሰር በቁጥር በልጧል። ለወንድ የተፈቀደ የኤችፒቪ ምርመራ ስለሌለ ክትባቱ ለእሱ ያለው ዋጋ የተለየ ነው።

ለሴቶች ግን ምርመራ አለ፤ የዚህ ጸሐፊ እምነትም ይህ ነው፦ ከ30 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ ክትባት። ገንዘቧም ጊዜዋም ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ምርመራውን ትምረጥ። የተከተበችም ብትሆን ከምርመራ ነፃ አይደለችም፤ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት አይሸፍንምና። በኢትዮጵያ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። ባለሙያዋ የማህፀን በሩን በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶን ኮምጣጣ በሚያደርገው ፈሳሽ፣ ትቀባለች፤ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከተገኘ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። በኤችፒቪ ዘረመል ላይ የተመሠረተው አዲሱ ምርመራ ደግሞ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ እንድትወስድ ያስችላታል፤ በአሜሪካም በጤና ተቋም ውስጥ ራሷ መውሰድ እንድትችል እ.ኤ.አ በግንቦት 2024 ተፈቅዷል። በሌላ ሰው መታየትን ለምታፍር ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለመከተብ ብሎ አስቀድሞ የኤችፒቪ ምርመራ ማድረግ ግን አያስፈልግም፤ ምርመራው የሚደረገው ለራሱ ዓላማ ነው።

መንግሥት ወደ አዋቂዎች አንድ እርምጃ ለመራመድ ቢያስብ ከማን መጀመር እንዳለበት ግልጽ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ነው፤ ለሌላው 15 እና 20 ዓመት የሚወስደው ሂደት በእነሱ ላይ፣ በተለይ ሕክምና ካልጀመሩ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ሊጠናቀቅ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለእነሱ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ዙር ክትባት በቅድሚያ እንዲሰጥ ይመክራል፤ ምርመራቸውም ከ25 ዓመት እንዲጀምር። ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለበት ክትባቱ አይጎዳቸውም። ዕድሜያቸው ከፍ ላለው ጥቅሙ ሊያንስ ስለሚችል ከወጣቶቹ፣ 15ን አልፈው 26 ካልሞላቸው መጀመር ይቻላል። ፈልጎ ማግኘት እንኳ አያስፈልግም፤ መድኃኒታቸውን ለመውሰድ በየጊዜው ወደ ጤና ተቋም ይመጣሉ፣ ስማቸው በመዝገብ ላይ አለ፣ የልጃገረዶቹ ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅም ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።